ዓይንሽ ላይ ያስቀመጥኳት ነጭ ነጥብ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የካቲት 14

ለተወደድሽው የእህቴ ልጅ፣ ለእኔዋ ፕሮፌሰር፤

እንዴት ነሽ ከማለቴ በፊት አንድ አቤቱታ አለኝ። የላክሽልኝ ካልሲ ደርሶኛል። ስድስት ጥንድ፣ ስድስቱም ጥቁር፣ ስድስቱም እስከ ጉልበት። ልጄ፣ እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ እንጂ ኳስ ተጫዋች አይደለሁም። ትናንት አንዱን አድርጌ ደረጃ ስወጣ ሱሪዬ ከፍ ሲል ያየኝ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው፣ «ዛሬ ተሰላፊ ነህ ተቀያሪ?» ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲስቅብኝ ዋለ። በዚያ ላይ የአንዱ ጥንድ ግራው ከቀኙ በሁለት ጣት ይረዝማል። ለክቼዋለሁ፤ ልትክጂኝ አትችይም።

ስለ ካልሲ ሦስት ገጽ መጻፍ እንደምችል ታውቂያለሽ። እንዲያውም ጽፌ ነበር። ከሰኞ ጀምሮ ሦስት ደብዳቤ ጽፌ ሦስቱንም ቀድጃለሁ፤ ሦስቱም የሚያስቁ ነበሩ። ይሄኛው አያስቅም። ግን ሳትጨርሺው እንዳትጥይው።

እሑድ ዕለት የትንሿን ልጅሽን ፎቶ በስልክ ላክሽልኝና፣ «ጋሼ፣ አንደኛው ዓይኗ ላይ መብራቱ ነጭ አድርጎባታል። በእጅህ አሳምረህ አትምልኝና ለእማዬ ስጥልኝ» አልሽኝ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ደወልኩልሽ።

«ነገ ጠዋት ለሐኪም አሳያት። ለሌላ ሐኪም አይደለም፣ ለዓይን ሐኪም።»

«ውይ ጋሼ፣ ደግሞ ምን አዲስ ቀልድ አመጣህ?»

«አልቀለድኩም።»

ድምፅሽ ተለወጠ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ይህችን ቃል ከእኔ ሰምተሽ ስለማታውቂ መሰለኝ። ከዚያ፣ «ምን አይተህ ነው?» አልሽኝ። «ሂጂ ብቻ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁብሽ። እስካሁን አልደወልሽም። እኔም የጠየቅሽኝን ሳልመልስ ለመደወል ድፍረት አጣሁ። በስልክ ከሆነ ደግሞ ራሴን አውቀዋለሁ፤ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ቀልድ ይገባበታል።

እንግዲህ ያየሁትን ልንገርሽ። ከዚያ በፊት የት አይቼው እንደነበርም ጭምር።

አንቺ በተወለድሽ በሰባተኛ ሳምንትሽ እናትሽ በነጭ ፎጣ ጠቅልላ ወደዚህ አመጣችሽ። ያኔም ስቱዲዮው ይሄው ነበር፤ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ በላይ ያለው አንዱ ክፍል፣ ሁለት መብራት፣ አንድ በርጩማ፣ ከግድግዳው ላይ ራሴ የሳልኩት ሐይቅ። ሐይቁ ላይ ያለችውን ወፍ አንዳንዱ ዳክዬ ነው ይላታል፣ አንዳንዱ ጫማ። እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ሙያውን የተማርኩት የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ገጾች ከተገነጠሉ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ነው። ስለዚህ ብዙ ነገር አውቅ ነበር፣ መነሻውን ግን አላውቀውም። አባትሽ መንገድ ሥራ ላይ ርቆ ስለነበር ፎቶው ለእሱ የሚላክ ነው።

ትራስ ላይ አስተኛሁሽና ከካሜራው ኋላ ሆኜ የምችለውን ሁሉ ሆንኩ። ምላሴን አወጣሁ፣ ጉንጬን ነፋሁ፣ ጆሮዬን ጎተትኩ። ምንም። ቁልፎቼን ሳንኳኳ ግን ወደ ቁልፎቹ ዞርሽ። «እትዬ፣ ይቺ ልጅ ሙዚቀኛ ልትሆን ነው፤ የእኔን መልክ ከምታይ ቁልፍ መስማት መርጣለች» አልኳት። እናትሽ ሳቀች። ሦስት ጊዜ አነሳሁሽ።

ጨለማ ክፍል ገብቼ ወረቀቱን ማጠቢያው ፈሳሽ ውስጥ ሳወዛውዘው መጀመሪያ የፎጣው እጥፋት መጣ፣ ከዚያ ጉንጭሽ፣ ከዚያ ዓይንሽ። ብሌንሽ ጥቁር መሆን ሲገባው ጭጋግ እንደያዘ መስኮት ግራጫ ነበር። ሁለቱም። «ፍላሹ ነው» አልኩ። ሁለተኛውን አጠብኩ፤ ያው። ሦስተኛውን አጠብኩ፤ ያው።

ልጄ፣ ይህችን ቦታ ደግመሽ አንብቢያት። የመብራት ጥፋት አንድ ጊዜ ይመጣል። ፊትሽን ሦስት ጊዜ አዙሬ፣ ሦስት ጊዜ ያው ቦታ ላይ አይመጣም። ይህንን ያ ገጽ የጎደለው መጽሐፍም ይነግረኝ ነበር፣ እጄም ያውቅ ነበር። ግን አባትሽ ፎቶ ይጠብቃል፣ እናትሽ ነገ እመጣለሁ ብላለች፣ እኔ ደግሞ የታወቅኩት የሰውን ጉድለት በማጥፋት ነው። የሙሽራን ብጉር፣ የሽማግሌን ቆዳ፣ የጥርስን ክፍተት የሚያጠፋልኝ አንድ ቀጭን ብሩሽ ነበረኝ፤ ጫፏ ላይ ሦስት ፀጉር ብቻ የቀራት። በእሷ ሁለቱንም ብሌንሽን ጥቁር ቀባሁ። አላበቃሁም። ሳየው የሞተ ዓይን መሰለኝና፣ ሕይወት እንዲኖረው በእያንዳንዱ ጥቁር ላይ አንዳንድ ነጭ ነጥብ አስቀመጥኩ። መስኮት ሲያይ የሚያበራ ዓይን አደረግሁት።

በነጋታው እናትሽ ፎቶውን ስታይ፣ «ውይ፣ ዓይኗ እንዴት ያበራል!» አለች። እኔም ኮራሁ። እውነቱን ልንገርሽ ብያለሁ፤ ኮራሁ።

ሳምንት ያህል ቆይታ ተመልሳ መጣች። ደጃፉ ላይ ቆማ፣ አንቺን ትከሻዋ ላይ እንዳስደገፈች፣

«እንትን... ይቺ ልጅ አታየኝም መሰለኝ» አለችኝ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እኔ እንጃ። ጡት ስትጠባ ቀና ብላ አታየኝም። የሌላው ሰው ልጅ እናቱን ትክ ብሎ ያያል። የእኔዋ ወደ ድምፄ ነው እንጂ ወደ እኔ አትዞርም። ሐኪም ዘንድ ብወስዳት ምን ይመስልሃል?»

እኔ ምን አልኩ መሰለሽ? «ሁለት ወር ያልሞላት ልጅ ጋዜጣ ታንብብልሽ እንዴ እትዬ?» አልኳት። አልሳቀችም። ያኔ ሄጄ ከመሳቢያ ሁለተኛውን ቅጂ አወጣሁና ፊቷ ያዝኩት። «ይሄ ዓይን ነው የማያየው? እስኪ እይው! ይሄ የማያይ ዓይን ነው?» ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ ትከሻዋ ወረደ፣ ፈገግ አለች። «እኔ ነኝ እብድ» ብላ ሄደች።

እኔ በቀባሁት ዓይን አሳምኜ ወደ ቤቷ መለስኳት።

ሰባተኛ ወርሽ ላይ፣ ለክትባት በሄዳችሁበት ነርሷ መብራት አብርታ አየችሽና በዚያው ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላከቻችሁ። የዓይን ሞራ ነው አሉ። ሐኪሙ፣ «አብሯት ተወልዶ ነው ወይስ በኋላ የመጣ?» ሲል እናትሽ ቦርሳዋን ከፍታ ያንን ፎቶ አወጣች። «በሰባት ሳምንቷ እንዲህ የጠራ ነበር» አለችው። ሐኪሙም አየና «በኋላ የመጣ» ብሎ ጻፈ። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

ሞራው ተገፈፈልሽ፣ ያ ወፍራም መነጽር መጣልሽ፣ እኔም ፕሮፌሰር አልኩሽ። ቤቱ በደስታ ሞላ። ሁሉ ነገር ካለፈ አሁን ብናገር ምን ይጠቅማል እያልኩ ቀኑ ወር ሆነ፣ ወሩ ዓመት። በዚህ መሃል ግን እናትሽ የራሷን ምክንያት ፈልጋ አገኘች። በሦስት ወርሽ ስታጥብሽ ሳሙና ዓይንሽ ገብቶ ረጅም ሰዓት አልቅሰሽ ነበር። «ያ ሳሙና ነው» አለች። ሐኪሙ አይደለም ቢላትም አልተወችውም። እስከ ዛሬ ድረስ የሕፃን ገላ ሲታጠብ ክፍሉን ጥላ የምትወጣው ለምን ይመስልሽ ነበር?

አንቺ አደግሽ። እኔም ተጫወትኩብሽ። አራት ዓመትሽ ሳለ ከልብስ ሰፊው ጋር ኮትና ኮፍያ ተቀያየርን። ከታች ደረጃው ላይ እሱ የእኔን ለብሶ ቆመ፣ እኔ የእሱን። ሮጠሽ የእሱን ጉልበት አቅፈሽ «ጋሼ! ጋሼ!» አልሽ። መንገዱ ሁሉ ሳቀ። እሱ ለመናገር አፉን ሲከፍት፣ ድምፁን ስትሰሚ፣ ፊትሽ እንዴት እንደተለወጠ አሁንም ይታየኛል። በሌላ ጊዜ ጢሜን ተላጭቼ መጣሁ፤ አልጋ ሥር ገብተሽ ተደበቅሽ። ይህንን ስንት ዓመት እንግዳ በመጣ ቁጥር እየተረክሁ አስቅበት ነበር። «የእኛ ፕሮፌሰር ሰውን የምታውቀው በኮቱ ነው» እያልኩ።

ተማሪ ቤት ስትገቢ ኩሩ አሉሽ። አስተማሪሽን መንገድ ላይ አልፈሻት ስትሄጂ እናትሽ፣ «እንዴት ሰላም ሳትያት ታልፊያለሽ? እንደዚህ ነው ያሳደግሁሽ?» ብላ ጆሮሽን ያዘች። ከዚያ ቀን በኋላ መንገድ ላይ ያለውን ሰው ሁሉ ሰላም ማለት ጀመርሽ፤ ፖስተኛውን፣ አውቶቡስ የሚጠብቀውን፣ ከዚያ በፊት አይተሽው የማታውቂውን መንገደኛ። ሰፈሩ ትሑት ናት ብሎ አመሰገነሽ። አንዳቸውንም እንዳታስቀይሚ ሁሉንም ሰላም እንደምትይ የገባኝ ግን በጣም ዘግይቶ ነው።

የገባኝ ዓምና ነው። አንዲት የዓይን ሐኪም ለመታወቂያ ፎቶ ልትነሳ መጣች። «ዶክተር፣ አገጭዎን ዝቅ። አሁን ደግሞ አበዳሪዎ መንገድ ላይ እንዳገኘዎት ሆነው ይዩኝ» ስላት ሳቀችና ጨዋታ ያዝን። ቀስ ብዬ፣ «አንዲት የማውቃት ልጅ አለች» ብዬ ጀመርኩ።

እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። «ሕፃን ልጅ ገና ከተወለደ ጀምሮ ፊት ፍለጋ ነው ጋሼ» አለችኝ። «ከሌላው ነገር ሁሉ አስቀድሞ ፊት ወደሚመስል ነገር ዓይኑን ይልካል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የእናቱን፣ የአባቱን ፊት ሺህ ጊዜ እያየ አንዱን ሰው ከሌላው የሚለይበትን መንገድ አእምሮው ያበጃል። በነዚያ ወራት ዓይኑ ከተጋረደ፣ በኋላ ቢገፈፍለትም ያነባል፣ መርፌ ውስጥ ክር ያስገባል። አፍንጫውን ከአፉ አይስትም። ግን በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለችውን ያችን ርቀት፣ ከአፍንጫ እስከ ከንፈር ያለችውን፣ እኔንና እርስዎን የምትለየዋን፣ እንደኛ አይይዛትም።»

«በኋላ አይማረውም?»

«ሌላ መንገድ ይማራል። በድምፅ፣ በአካሄድ፣ በፀጉር ይለያል። ያችን ግን ብዙዎቹ ሙሉ ለሙሉ አያገኟትም። ልጅቷ ከነሞራው ነው የተወለደችው?»

«አይ፣ በኋላ የመጣባት ነው» አልኩ። አየሽልኝ? ስምሽን እንኳ በማታውቅ ሴት ፊት ዋሸሁ።

ግንባሯን ቋጠር አድርጋ፣ «ይገርማል። እንግዲያው እንዲህ መሆን አልነበረባትም» አለችኝ። ልትወጣ ስትል፣ ሁለት ወር ብቻ የተጋረደባቸው ልጆችም ላይ ይህ ነገር ሊቀር እንደሚችል ነገረችኝ። ያችን እንደ ከረሜላ አፌ ውስጥ ይዤ ከረምኩ። ፎቶውን ባልነካካውም ያው ነበር፣ ሁለት ወሩ ሊሞላ ነበር እያልኩ። ሊሆን ይችላል። ማንም በእርግጠኛነት ሊነግረኝ አይችልም። ግን አምስት ወር ሙሉ እናትሽ ጎንበስ ብላ ታይሽ ነበር፣ አንቺም ልታያት ትችይ ነበር። ያ አምስት ወር በእኔ ብሩሽ ነው የጠፋው።

ይህንን ሁሉ ከዓምና ጀምሮ እያወቅሁ ነው ያለፈውን ወር ደብዳቤሽን የመለስኩልሽ። «ጋሼ» ብለሽ ጻፍሽልኝ፣ «ከሆስፒታል ልንወጣ ስንል ሕፃናቱ የተኙበት ክፍል ገብቼ ልጄን አላወቅኋትም። የሌላ ሴት ልጅ ላይ ጎንበስ ብዬ ስስም አማቴ አየችኝ። ምን ዓይነት እናት ናት ስትል ሰማኋት። ጋሼ፣ እኔ የእናት ልብ ሳይሰጠኝ ቀርቶ ይሆን?» እኔስ? አዲስ የተወለደ ልጅ ሁሉ ጡረታ የወጣ ዳኛ ነው የሚመስለው፣ እኔም ብሆን አልለየውም ብዬ ጻፍኩልሽ። እንደሳቅሽ መለስሽልኝ። ሳቅሽን አመንኩት፤ ማመን ስለሚቀለኝ።

ልብሽ ምንም አልጎደለውም። ከዚህ ደብዳቤ ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህችን አትርሺያት። ልጅሽን በሳቋ፣ በአንገቷ ሽታ፣ ስትናደድ በምታወጣው ድምፅ ታውቂያታለሽ። ያ የእናት ልብ ነው። የጎደለብሽ ነገር የተወሰደብሽ አፍሽን ሳትፈቺ ነው፣ የወሰደብሽም ሰው እየሳቀ ነው ያሳደገሽ። ለአማትሽ ይህንን ገጽ አንብቢላት። የእኔን ስም እንዳትደብቂ።

አሁን ለልጅቷ የሚሆነውን ልንገርሽ። ሐኪሙ ከዘመዳችሁ መካከል ከነዓይን ሞራው የተወለደ አለ ወይ ብሎ ሳይጠይቅሽ አልቀረም። አንቺም በቅን ልብ የለም፣ የእኔ በኋላ የመጣ ነው፣ ፎቶም አለን ብለሽዋል። ፎቶው ውሸት ነው። ከነሞራሽ ነው የተወለድሽው። ይህንኑ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ንገሪው። የትንሿን ዓይን ምን እንደነካው እኔ አላውቅም፤ ሐኪም አይደለሁም፣ ከአንድ ነጭ ቦታ በስተቀር ያየሁት የለም። ግን ስድስት ሳምንቷ ነው። ምንም ይሁን ምን በሳምንት ነው መቁጠር ያለብሽ እንጂ በወር አይደለም። የላክሽውን ፎቶ አልነካሁትም። እንዳለ አትሜዋለሁ፣ ከእነ ነጩ፣ ለሐኪሙ እንድታሳዪው ከዚህ ጋር ይደርስሻል።

ይቅርታ አልጠይቅሽም ብዬ ነው የተነሳሁት፤ ይቅርታ ከጠየቅሁሽ አንቺን አውቅሻለሁ፣ ነገሩ ሳይገባሽ ቸኩለሽ ትሰጪኛለሽ። ቆዪ። ተናደጂብኝ። አንድ ዓመት ካልሲ አትላኪልኝ። ከዚያ በኋላ እንደ ሆነልሽ።

የከበደኝ ግን አንቺ አይደለሽም። አንቺ ሩቅ ነሽ፣ ወረቀት ይበቃኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት ስለ ሳሙና የምታስበው ሴት ሦስት መንገድ ብቻ ተሻግራ ነው የምትኖረው። ለእሷ እንዴት ብዬ እንደምነግራት እስካሁን

ቆዪ፣ በሩ ተንኳኳ።

እናትሽ ናት። ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ይህን ደረጃ ወጥታው አታውቅም፤ እኔ ነኝ ሁልጊዜ የምሄድላት። አሁን በርጩማው ላይ ተቀምጣ ትንፋሿን እየሰበሰበች ነው። አንድ ደቂቃ ስጪኝ፣ ደብዳቤ ልጨርስ ብያታለሁ። ገና ሳትቀመጥ የነገረችኝን እንደነገረችኝ ልጻፍልሽ፦

«ደወለችልኝ። ሐኪሙ አይቷታል። በአንዱ ዓይኗ ሞራ አለ ብሏል፤ ግን ጊዜው ገና ነው፣ ቶሎ መምጣታችሁ በጀ፣ በሚመጣው ሳምንት እናወጣዋለን ብሏታል። ተመስገን!» አለችና ግድግዳውን ተደግፋ ትንሽ ቆመች። ከዚያ፣ «አንተ ግን፣ በአንድ ፎቶ ብቻ እንዴት አወቅህ?» አለችኝ።

ለአንዴ እንኳ የምለው ቀልድ አልመጣልኝም።

«ለማን ነው የምትጽፈው? ለእሷ ነው? እስኪ ላንብበው» ብላ መነጽሯን አድርጋ እጇን ዘርግታለች። ልሰጣት ነው። የዚህ ወረቀት ጀርባ ባዶ ነው፤ አንብባ ስትጨርስ የምትልሽ ካላት እዚያ ላይ ትጻፍልሽ።

ትንሿ ዓይኗ ጠርቶላት፣ አንቺን እስክትጠግብ እያየችሽ ትደግ። ለአንቺም እንቅልፍና ዕረፍት ይስጥሽ። ባልሽን ሰላም በይልኝ።

አጎትሽ